ድንኳኑን መንገድ ላይ ማን ተከለው?

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ የኢንሹራንስ ወኪሉ ናሁሠናይ ቀኝ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ዘውገ አንድ ፌስታል ብርቱካንና አንድ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ከፊቱ ተቀምጠዋል።

ናሁሠናይ፦ ብርቱካኑን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ግን መልሰው ይያዙት።

ጋሽ ዘውገ፦ አንዱን ተቀብሎ አንዱን መመለስ የለም። ብርቱካኑ ከጎረቤትህ ከዘውገ ነው። ደብዳቤው ከዕድሩ ዳኛ ነው።

ናሁሠናይ፦ ሁለቱም እርስዎ ነዎት እኮ ጋሽ ዘውገ።

ጋሽ ዘውገ፦ አይደለሁም። ባርኔጣዬን ሳወልቅ ጎረቤትህ ነኝ፤ በሽተኛ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ባርኔጣዬን ሳደርግ ዳኛ ነኝ፤ ድንኳኔን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አሁን ራሴ ላይ ምን ይታይሃል?

ናሁሠናይ፦ ባርኔጣ።

ጋሽ ዘውገ፦ እንግዲያው ድንኳኔስ?

ናሁሠናይ፦ እግሬስ?

ጋሽ ዘውገ፦ እግርህን ሐኪም አይቶልሃል። ድንኳኑን የሚያይለት ማን አለው? ስማ፣ ላንብብልህ። «አባላችን አቶ ናሁሠናይ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ በሞተር ሳይክል እየጋለበ መጥቶ የዕድራችንን ትልቁን ድንኳን ከመሐል ሰንጥቆ፣ ሁለት ምሰሶ ሰብሮ፣ በወዲያኛው በኩል ሳይወጣ ቀርቷል።»

ናሁሠናይ፦ «እየጋለበ» የሚለው ይስተካከል። ፈረስ አይደለም።

ጋሽ ዘውገ፦ ፈረስማ ቢሆን ድንኳን ሲያይ ይቆም ነበር። እኔ በዕድሜዬ ሳይጠራ የሚመጣ ድንኳን ሰባሪ ብዙ አይቻለሁ። በሞተር የገባ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ናሁሠናይ፦ ይሳቁ። ሰው ተሰብሮ ይሳቃል።

ጋሽ ዘውገ፦ ዳኛ አይስቅም። ዛሬ በስምንት ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት ምን ይላል? የዕድሩን ንብረት አጥፍቶ ያልተካ አባል ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ደንቡ ነው።

ናሁሠናይ፦ የእኔ ስም ቢሰረዝ አንዲት ሌሊት እንቅልፍ አይነሳኝም። ግን አባልነቱ የእናቴ ነው፤ ያውቁታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከፍላ፣ ሰማንያ ሲሞላት ጉልበቴ ደከመ ብላ በእኔ ስም አዞረችው። እኔን ሲሰርዙ የሚሰርዙት እሷን ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ አውቃለሁ። ዕድሩ ሲቋቋም እትዬ አስካለ ነበረች፤ እኔ ገና ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ።

ናሁሠናይ፦ ባለፈው እሑድ፣ ድንኳኑ በተቀደደ በማግስቱ፣ ምንም ሳታውቅ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ምን አለችኝ? «ልጄ፣ እኔ ካንተ ሐውልት አልፈልግም፤ በዚያ ድንኳን ሥር ሰፈሩ ቁጭ ብሎ ያልቅስልኝ እንጂ።» እኔ ትራስ ነከስኩ። ፈርቻለሁ ጋሽ ዘውገ፤ እውነቴን ነው። እግሬ ሲሰበርም እንዲህ አልፈራሁም።

ጋሽ ዘውገ፦ ለመሆኑ ለእሷ ምን ብለህ ነው የነገርካት?

ናሁሠናይ፦ ከደረጃ ወደቅኩ አልኳት።

ጋሽ ዘውገ፦ እህህ... እህ። ከደረጃ።

ናሁሠናይ፦ ምነው ሳሉ?

ጋሽ ዘውገ፦ ብርቱካኑ ነው፤ ፍሬው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ናሁሠናይ፦ ገና አልላጡትም።

ጋሽ ዘውገ፦ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። አስፋልቱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ሰው ሁሉ ታጠፈ። ያቺ ቀጫጫዋ የፋርማሲ ልጅ እንኳን ጉልበቷን መሬት እያስነካች ታጠፈች። አንተ ምን ሆነህ ነው ቀጥ ብለህ የመጣኸው?

ናሁሠናይ፦ ፈጥኜ ነበር። ይሄን አልክድም። ግን የሞተር ክበቡ አዘጋጆች ለልምምዱ ጠዋት ሰብስበው ምን አሉን? «መታጠፍ ያቃተው ሰው አይታገል፤ ፍሬኑን ቀስ እያለ ይዞ ቀጥ ይበል፤ ከኩርባው ወዲያ መቶ ሜትር ባዶ አስፋልት ትተንላችኋል፤ ፊታችሁ ባዶ ነው» አሉን። አቃተኝ፤ ቀጥ አልኩ። ፊቴ ባዶ አልነበረም።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ነበር?

ናሁሠናይ፦ እርስዎ ይጠይቁኛል? ድንኳን ነበር። አረንጓዴ፣ ባለ ስድስት ምሰሶ፣ ግንባሩ ላይ «መረዳጃ ዕድር» ተብሎ የተጻፈበት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጨረሻ ጽሑፍ እሱ መስሎኝ ነበር። እዚያ ማን ተከለው?

ጋሽ ዘውገ፦ ክበቡ ለተመልካች ጥላ ፈለገና ተከራየን። እኔና ጡሩምባ ነፊያችን ጥላሁን በሌሊት ሄደን ተከልን።

ናሁሠናይ፦ ያ ሁሉ ሜዳ ግራና ቀኝ እያለ፣ አስፋልቱን ዘግታችሁ?

ጋሽ ዘውገ፦ ታዲያ ድንኳን የት ይተከላል?

ናሁሠናይ፦ ዳር።

ጋሽ ዘውገ፦ ዳር የሚተከለው የአትክልት ሻጭ ድንኳን ነው። የዕድር ድንኳን መንገድ ዘግቶ ነው የሚተከለው። ለለቅሶ ዘግተናል፣ ለሠርግ ዘግተናል፣ ለክርስትና ዘግተናል። ሠላሳ ዓመት ድንኳን ስተክል መንገድ ያልዘጋሁበት ቀን የለም። መንገድ ያልዘጋ ድንኳን ሰው ይንቀዋል።

ናሁሠናይ፦ ሞተረኛ በሙሉ ጋዝ የሚመጣበት አስፋልት ነው እኮ።

ጋሽ ዘውገ፦ ሰፈር ውስጥስ ሚኒባስ ይመጣ የለ? ድንኳን ያያል፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ በውስጥ ለውስጥ ዞሮ ይሄዳል። ጨዋ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። አንተ ምን አልክ?

ናሁሠናይ፦ «ወይኔ» ነው ያልኩት።

ጋሽ ዘውገ፦ ጥላሁንም ሰምቶሃል። ካስማው አስፋልት አልገባ ብሎን እኮ ምን ያህል ለፋን መሰለህ፤ በመጨረሻ ገመዱን በውሃ በርሜል አሰርነው። እንዲያ ለፍተን ያቆምነውን ነው ያረፍክበት።

ናሁሠናይ፦ ጥላሁንን ካነሱ አይቀር እሱንም ልክሰሰው። ሸራው ላዬ ላይ ወድቆ፣ እግሬ ከሞተሩ ሥር ሆኖ፣ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ጡሩምባ።

ጋሽ ዘውገ፦ ልማድ ሆኖበት ነው። የወደቀ ድንኳን አየ፣ ከሥሩ የተዘረጋ ሰው አየ፤ እጁ ራሱ ነው ጡሩምባውን ያነሳው።

ናሁሠናይ፦ «አቶ ናሁሠናይ ስላረፉ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት» አለ። ሰዓቱን ከየት አመጣው? እኔ ራሴ አመንኩት። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ሲመቱ በቀዳዳው አይቻለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ እሷን ተዋት፤ አታውቅህም። ሻይ ልትሸጥ የመጣች ናት። እኔ የምልህ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሁን። መታጠፍ ያቃተህ አንተ፤ ድንኳኑ ውስጥ የገባህ አንተ። ድንኳኑ አልመጣብህም።

ናሁሠናይ፦ ድንኳኑ መንገድ ላይ ባይቆም ኖሮ ከመቶ ሜትር በኋላ ቆሜ፣ ሄልሜቴን አውልቄ፣ ውሃ ጠጥቼ እመለስ ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ኢንሹራንስህስ? ሰፈሩን በሙሉ ኢንሹራንስ ያስገባኸው አንተ አይደለህ? ካርድህ ላይ ሳይቀር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለህ አሳትመህ።

ናሁሠናይ፦ በቁስሌ እንጨት አይስደዱ።

ጋሽ ዘውገ፦ ይክፈሉሃ።

ናሁሠናይ፦ የሞተሩ ውል «በእሽቅድምድምና በፍጥነት ሙከራ ላይ ለሚደርስ አይሆንም» ይላል። እሽቅድምድም አይደለም፣ አንደኛ ሁለተኛ የለውም፣ ሰው በየራሱ እየዞረ የሚለማመድበት ቀን ነው ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «ታዲያ ደረትህ ላይ የተለጠፈው ስድስት ቁጥር ምንድነው?» ብለው በአንድ መስመር መለሱልኝ። ያሳዩኝ አንቀጽ ደግሞ እኔ ራሴ ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ በቀይ ያሰመርኩበትን ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ለእግርህስ፣ ያ ለእኔ ልትሸጥ ሁለት ዓመት ያሯሯጥከኝ የአካል ጉዳት ምናምን?

ናሁሠናይ፦ ለራሴ አልገዛሁም።

ጋሽ ዘውገ፦ ምነው?

ናሁሠናይ፦ እኔ እወድቃለሁ ብዬ አላሰብኩማ። የሚወድቀው ሁልጊዜ ደንበኛ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አባቶች ይሄን ያሉት ሞተር ሳይኖር ነው። በል አሁን ይሄንን ተመልከት። ክበቡ የሰጠኝ ግልባጭ ነው። ይህ ፊርማ የማን ነው?

ናሁሠናይ፦ የእኔ።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብብልኝ።

ናሁሠናይ፦ «አንደኛ፣ በዕለቱ በአካሌ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊው እኔው ነኝ። ሁለተኛ፣ ወድቄ ብሰበር አዘጋጁን አልከስም።» አልከሰስኩም። ስለ እግሬ ለማንም አቤት አላልኩም። ለእርስዎ ብቻ ነው ያልኩት፤ እሱም እንደ ጎረቤት።

ጋሽ ዘውገ፦ ሦስተኛ?

ናሁሠናይ፦ መነጽር አልያዝኩም አላሉም?

ጋሽ ዘውገ፦ የክበቡ ልጅ በቃሌ አስጠንቶኛል። ሦስተኛ።

ናሁሠናይ፦ «ሦስተኛ፣ በሜዳው ባለ ንብረት ላይ የማደርሰውን ጥፋት እተካለሁ።»

ጋሽ ዘውገ፦ እህ? አለቀ። ከዚህ ወዲያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ድንኳኑ በሜዳው ያለ ንብረት ነው፤ ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ የፈረምከው አንተ ነህ። ተካ።

ናሁሠናይ፦ አራተኛንስ አላስጠናዎትም?

ጋሽ ዘውገ፦ አራተኛ አለው?

ናሁሠናይ፦ ከጀርባው ነው። «አራተኛ፣ ነጂው መተካት ካልቻለ ዋሱ ይተካል።»

ጋሽ ዘውገ፦ ይተካላ። ደግ። ዋስህን ጥራልኝና ከሱ ጋር እጨርሳለሁ። ማነው ይሄ ሳይቸግረው ጤፍ የተበደረ ሞኝ?

ናሁሠናይ፦ ያን ቀን ሊነጋ ሲል በሜዳው በር ላይ «ዋስ ከሌለህ አትገባም» አሉኝ። ሞተሩን ለእናቴ ደብቄ በእርስዎ ግቢ ሳሳድር የከረምኩ ሰው፣ በሌሊት ዋስ ከየት አመጣለሁ? ዞር ብል አንድ የማውቃቸው ሰው ድንኳን ተሸክመው ቆመዋል።

ጋሽ ዘውገ፦ የለም።

ናሁሠናይ፦ «እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ዘውገ፦ የለም፣ የለም። ያ የድንኳኑ ርክክብ ነው። የርክክብ ወረቀት ነው የፈረምኩት።

ናሁሠናይ፦ ማን አለዎት?

ጋሽ ዘውገ፦ መነጽሬ ቤት ነበር። ድንኳን ይዤ የቆምኩ ሰው ወረቀት ሲመጣልኝ የድንኳን ነው እላለሁ እንጂ ምን እላለሁ?

ናሁሠናይ፦ አልጠየቁኝም፤ ፈረሙ። ፈርመው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ የዘውገ የግል ጣጣ ይሆን ነበር። ግን ማንም ሳይጠይቅዎት ከኮት ኪስዎ ያቺን ነገር አወጡ፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሱባት፣ መቱበት። ይኸው፣ ክቡ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ የተጨባበጡ እጆች። የዕድሩ ማህተም።

ጋሽ ዘውገ፦ ማህተም የሌለው ወረቀት ምን ወረቀት ነው?

ናሁሠናይ፦ እሱን ነው የምልዎት። «የዋሱ ስም፦ ዘውገ። ሥራ፦ የዕድር ዳኛ።» ጎረቤቴ ዘውገ አልፈረሙም፤ ባርኔጣው ነው የፈረመው። ዋሴ ዕድሩ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ቆይ፤ ቀስ በል፣ አታጣድፈኝ። የዕድሩን ድንኳን ለቀደደው ሰው ዋሱ ዕድሩ ነው?

ናሁሠናይ፦ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ስለዚህ ለዕድሩ የሚከፍለው...

ናሁሠናይ፦ ዕድሩ።

ጋሽ ዘውገ፦ ካልከፈለስ?

ናሁሠናይ፦ አንቀጽ አሥራ አራት። ዕድሩ ከዕድሩ ይሰረዛል።

ጋሽ ዘውገ፦ ወይ ጣጣ!

ናሁሠናይ፦ ባርኔጣዎን ለምን አወለቁት ጋሽ ዘውገ?

ጋሽ ዘውገ፦ ሙቀት ነው። ቤትህ ይሞቃል። እስቲ አንድ ብርቱካን ላጥልኝ፣ ልጄ።

ናሁሠናይ፦ ይኸው፤ «ልጄ» መጣች።

ጋሽ ዘውገ፦ አሁን እንደ ጎረቤት እናውራ። ይህ ወረቀት ጉባኤው ፊት ከወጣ እኔም ሰው አልባልም፤ ያ ሒሳብ ሹሙ ተካ ወንበሬን ሲመኝ ዘመን የለውም። አንተ ትሰረዛለህ፣ እኔ እሻራለሁ። ማን ይጠቀማል?

ናሁሠናይ፦ አቶ ተካ።

ጋሽ ዘውገ፦ እንግዲያው እናስብ። ዓምና ጉባኤ መጥተህ ሁለት ሰዓት ለፍልፈህ ለድንኳኑ ኢንሹራንስ አስገዝተኸናል። ለምን ለምን ነበር?

ናሁሠናይ፦ ለእሳት፣ ለጎርፍና ለንፋስ።

ጋሽ ዘውገ፦ ለንፋስ። ንፋስ ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ ምንጊዜም አይጠፋም።

ናሁሠናይ፦ ጋሽ ዘውገ።

ጋሽ ዘውገ፦ አንድ ኃይለኛ ንፋስ በምዕራብ በኩል መጣ። ምን ታደርገዋለህ? የእግዜር ሥራ ነው።

ናሁሠናይ፦ ሸራው ላይ የጎማ ዱካ አለ።

ጋሽ ዘውገ፦ ንፋሱ አቧራ ይዞ ነው የመጣው።

ናሁሠናይ፦ በጎማ ቅርጽ?

ጋሽ ዘውገ፦ ስድስት ቁጥር የለበሰ ንፋስ ነው አላልኩም፤ ንፋስ ብቻ ነው ያልኩት። ፎርሙን የምትሞላው አንተ፣ የምትልከው አንተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ድንኳን ይመጣል፤ ስምህ ከመዝገብ አይነሳም፤ እትዬ አስካለም ምንም ሳትሰማ ትኖራለች። ከዚያ ወዲያ ውሾን ያነሳ ውሾ።

ናሁሠናይ፦ ፎርሙ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አለ።

ጋሽ ዘውገ፦ አለ? ተመስገን። ላቀብልህ።

ናሁሠናይ፦ አያቀብሉኝ። ማክሰኞ ዕለት ራሴ አውጥቼ ሞልቼው ነበር።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ብለህ?

ናሁሠናይ፦ «ንፋስ» ብዬ። ከዚያ ያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ምድጃው በጎርፍ ተበላሸ ብሎ ሲመጣ ከጎኑ ተቀምጬ «ጋሼ፣ ጎርፍ በታኅሣሥ?» ብዬ አሳፍሬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ፊት ለፊቴ አይቼ ስቄበታለሁ። ማክሰኞ ራሴን አየሁት። አፈርኩ። ቀደድኩት።

ጋሽ ዘውገ፦ ቀደድከው? እንግዲህ መቅደድ ልማድ አደረግኸው።

ናሁሠናይ፦ ዛሬ ወደ ስብሰባው ይውሰዱኝ። በክራንችም ቢሆን እቆማለሁ። ፈጥኜ ነበር፣ መታጠፍ አቃተኝ፣ የገባሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ሞተሩን ሸጬ ድንኳኑን እተካለሁ። የእናቴን ስም ግን አይንኩብኝ፤ እሷ የማንንም ድንኳን አልቀደደችም።

ጋሽ ዘውገ፦ መንገድ ዘግተን የተከልነውንስ?

ናሁሠናይ፦ እሱን እርስዎ ይንገሩ፤ ከፈለጉ። እኔ የራሴን ነው የምናገረው።

ጋሽ ዘውገ፦ እሷስ ብትሰማ? ደረጃውን ምን ልታደርገው ነው?

ናሁሠናይ፦ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እነግራታለሁ። እንዲያውም ዛሬ ቆየች። ሳምንቱን ሙሉ ማኅበር አለብኝ፣ ጸሎት አለብኝ እያለች ቤት አትውልም።

ጋሽ ዘውገ፦ እህህ።

ናሁሠናይ፦ አሁንም ብርቱካን ነው?

ጋሽ ዘውገ፦ አይ። እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልንገርህ። እትዬ አስካለ እኔ ግቢ ናት።

ናሁሠናይ፦ ምን ትሠራለች?

ጋሽ ዘውገ፦ ድንኳን ትሰፋለች።

ናሁሠናይ፦ ድንኳኑን?

ጋሽ ዘውገ፦ ረቡዕ ዕለት ወፍራም መርፌና የጆንያ ክር ይዛ መጣች። «ልጄ ከደረጃ ወደቅኩ ይላል» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ ደረጃ የት እንዳለው እስቲ አሳየኝ።»

ናሁሠናይ፦ እውነቷን ነው። ደረጃ የለንም።

ጋሽ ዘውገ፦ ኢንሹራንስ ስትሸጥ እንዲህ አትዋሽ። የሻይዋ ሴትዮ ከጥላሁን ጡሩምባ ስምህን ሰምታ ነግራት ኖሯል። «ሸራውን እኔ እሰፋለሁ» አለችኝ፤ «አንተ ግን ሂድና ልጄን ጠይቀው። እኔ ነኝ ካለ መርፌዬን እጨርሳለሁ። በሌላ ካመካኘ ግን እሱንም እኔንም አብራችሁ ሰርዙን፤ በውሸት በቆመ ድንኳን ሥር አይለቀስልኝም።»

ናሁሠናይ፦ እና ያ ንፋስ... ሊፈትኑኝ ነው ያመጡት?

ጋሽ ዘውገ፦ ግማሹን።

ናሁሠናይ፦ ሌላው ግማሽ?

ጋሽ ዘውገ፦ ሌላው ግማሽ ከምሬ ነበር። የዋሱን ነገር ከሰማሁ በኋላማ ግማሹም ከፍ ብሏል።

ናሁሠናይ፦ እናቴ እዚያ አጎንብሳ ስትሰፋ እኔ እዚህ ተጋድሜ ብርቱካን እበላለሁ። ምነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ አትዋጥ፤ ጡሩምባ ነፊው ይደክማል። ሸራው ተስፍቷል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ሁለት ምሰሶ ነው። እኔም ዛሬ ቆሜ «መንገድ ዘግቼ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ሳላነብ ማህተም የመታሁትም እኔ ነኝ» እላለሁ። ተካ ከፈለገ ወንበሬን ይውሰደው፤ ሲቀመጡበት ይቆረቁራል።

ናሁሠናይ፦ እግዜር ያክብርልኝ ጋሽ ዘውገ።

ጋሽ ዘውገ፦ ይልቅ ያ ሞተር... ለማን ልትሸጠው ነው?

ናሁሠናይ፦ ለተገኘ ሰው። መጀመሪያ ጋራዥ መግባት አለበት፤ መሪው ተጣሟል።

ጋሽ ዘውገ፦ ተቃንቷል።

ናሁሠናይ፦ እንዴት ተቃና?

ጋሽ ዘውገ፦ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ ሳለብሰው እጄ ነካው መሰለኝ። ግራ መስታወቱም ተቀይሯል። ቤንዚን ግን የለውም።

ናሁሠናይ፦ ቅዳሜ ጠዋት እስከ አፉ ሞልቼው ነበር፤ አንዲት ዙር እንኳን አልጨረስኩም። ቆሞ የሚጠጣ ሞተር ነው እንዴ?

ጋሽ ዘውገ፦ ተነነ።

ናሁሠናይ፦ ሲተን ድምፅ አለው? ጎረቤቶች ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእርስዎ ግቢ የሞተር ድምፅ ይወጣል እያሉ ለእናቴ ያወራሉ።

ጋሽ ዘውገ፦ እንግዲህ ስማኝ፤ ሰው አይስማን። በሃያ ሁለት ዓመቴ በሞተር ቴሌግራም አድራሽ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ደስታም ሐዘንም ይዤ እበር ነበር። ከዚያ ቴሌግራም ቀረ፤ ሞተሩን ወሰዱና ወንበር ሰጡኝ። ያንን ድንኳን እዚያ የተከልኩት መንገድ ለመዝጋት ብቻ አይደለም፤ ከቅርብ ላያችሁ ብዬ ነው። ይኸው ተናገርኩ።

ናሁሠናይ፦ ስድሳ ሰባት ዓመትዎ ነው እኮ።

ጋሽ ዘውገ፦ እናትህ በሰማንያ አንድ ዓመቷ ሸራ ትሰፋለች። ዋጋውን ንገረኝ።

ናሁሠናይ፦ ለእርስዎ ዋጋው ሁለት ምሰሶና ለእናቴ አንድ ጥሩ ወንበር ነው፤ የቀረውን ቀስ ብለው ይሰጡኛል። የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ግን አብረው ይገዛሉ።

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ ዕድር አለኝ።

ናሁሠናይ፦ ዕድሩ ምሰሶ የለውም።

ጋሽ ዘውገ፦ ጉባኤው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አንተን ጥላሁን በጋሪ ይወስድሃል። እኔ በሞተር ሄጄ፣ በአውሮፕላን ሜዳው በኩል አንዲት ዙር ብቻ ዞሬ እደርሳለሁ። ሄልሜትህ የት ነው?

ናሁሠናይ፦ አልጋዬ ሥር ነው። ባርኔጣዎትስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ብርቱካኑ ላይ ትቼዋለሁ፤ እዚያው ይቀመጥ።

ናሁሠናይ፦ እንግዲያው ሄልሜቱን ከመንካትዎ በፊት ከቤት መነጽርዎን አምጥተው ይቺን የክበቡን የዋስ ፎርም ጮክ ብለው ያንብቡልኝ፤ ዋስ የምትሆንዎት እናቴ ናት፤ ማህተሙን ግን አሁኑኑ ለእኔ ይስጡኝ።